የእረኛውን ዋሽንት ወደ ሲምፎኒ መድረክ ያወጡት ሙዚቀኛ፦ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1967 መቀመጫውን በቡዳፔስት ያደረገውን የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተሰኘውን ድርሰታቸውን ሲያሰሙ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላም ነበር። በወቅቱ በአዲስ አበባ የብሔራዊው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። በኢትዮጵያ ተራሮችና ሸለቆዎች ከብት የሚያግድ ልጅ ከሸምበቆ ቆርጦ የሚነፋውን መሣሪያ ዓለም በቫዮሊን፣ በቼሎ፣ በክላርኔትና በጥሩምባ ለተደራጀ ትልቅ ኦርኬስትራ በኖታ ጽፈው ማቅረባቸው በሀገሪቱ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ የሚሰጠው ተግባር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድርሰቱ ኢትዮጵያዊ፣ ደራሲውና መሪውም ኢትዮጵያዊ ሆነው ሳለ ተጫዋቾቹ ሃንጋሪያውያን የሆኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ነበሩ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ጠንካራ ኦርኬስትራ ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ የተሟላ የአውታር መሣሪያዎች ክፍል ያለው፣ ቋሚ የሆነና ዘወትር አዳዲስ ድርሰቶችን የሚያጠና የሲምፎኒ ኦርኬስትራ አልነበረም። ልብ ወለድ የጻፈ ደራሲ መጽሐፉ ታትሞ አንባቢ እጅ ሲገባ ሥራው ይጠናቀቃል። ለኦርኬስትራ የጻፈ ሰው ግን ሰባና ሰማንያ ባለሙያ በአንድነት ካልተጫወተለት በቀር የጻፈው ሁሉ ወረቀት ላይ የቀረ ምልክት ነው።

ስለዚህም አዲስ ሙዚቃ በየትኛውም ሀገር ጥብቅና የሚቆምለት ሰው ይሻል። በእንግሊዝ ሀገር ፒያኒስቷ ሃሪየት ኮኸን የቆሙት ለዚህ ተግባር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የእንግሊዝ አድማጭ የጀርመንና የኦስትሪያ ቀደምት ሊቃውንትን ከማድመጥ የማይወጣ በነበረበት ወቅት፣ ኮኸን የሀገራቸውን የዘመኑን ደራሲያን ሥራዎች ይዘው በየመድረኩ ቀርበዋል። የአርኖልድ ባክስን ድርሰቶች ለሕዝብ በማስተዋወቅ ረገድ ስማቸው ከደራሲው ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ራልፍ ቮን ዊሊያምስም የፒያኖ ኮንቼርቶአቸውን ያበረከቱት ለእርሳቸው ሲሆን፣ ሥራው በ1933 ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳቸው ጣቶች ተደምጧል። ቮን ዊሊያምስ ቀደም ብለው ከ1903 ጀምሮ በገጠር እየተዘዋወሩ የአርሶ አደሩን ዜማ በመሰብሰብ የድርሰታቸው መሠረት ያደረጉ ሰው ነበሩ። በእንግሊዝ አንዱ ሰብስቦ ሲጽፍ ሌላዋ ይጫወቱ፣ ሌሎች ደግሞ ያስተምሩ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ የኦርኬስትራው መሪና የተቋሙ አስተዳዳሪ አንድ ወጣት ሆኖ ተገኘ።

አሸናፊ ከበደ የተወለዱት በአዲስ አበባ ከተማ በሚያዝያ ወር 1930 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ ከተማይቱ በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር የነበረችበት ሲሆን ከዚያ በፊት የተጀመሩ በርካታ የዘመናዊነት ሥራዎች የተቋረጡበትም ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በሆለታ ገነት በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት በወረራው ምክንያት ሥራውን እንዳቆመ ሁሉ፣ በዋና ከተማይቱ የተደራጁት የሙዚቃ ክፍሎችም ተበትነዋል።

እነዚህ የሙዚቃ ክፍሎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከነአስተማሪው ለዳግማዊ ምኒልክ እንደላኩ ይታወቃል። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት ወላጅ አልባ አርመናውያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የማርሽ ሙዚቃ ምሰሶ ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። ከነጻነት በኋላ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፣ ቀጥሎም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሥራውን አስቀጥለዋል። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልዌከር በሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ሠርተዋል። እንግዲህ አሸናፊ በልጅነታቸው ያገኟት አዲስ አበባ በአንድ በኩል የማርሽ ባንድ፣ በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በሦስተኛው ደግሞ በየጠጅ ቤቱ የአዝማሪ ማሲንቆ የሚደመጥባት ከተማ ነበረች።

ሦስቱ ድምፆች ግን እኩል ክብር አልነበራቸውም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የቅዱስ ያሬድ ቅርስ በመሆኑ የሊቃውንት ትምህርት ነው፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ የተከፈለ፣ የራሱ የዜማ ምልክት ያለውና ለብዙ ዓመታት የሚጠና ነው። የማርሽ ባንዱም የመንግሥት ግርማ ነበር። አዝማሪው ግን በሠርግና በግብዣ የሚፈለግ፣ በግጥሙ የሚያስቅና የሚያስደነግጥ፣ ሆኖም ልጅን ለመዳር ሲታሰብ ቤተሰብ የሚሸሸው ሰው ነበር። የተከበረ ቤት ልጅ ማሲንቆ ሲያነሣ ቢታይ የሚደርስበት ወቀሳ ቀላል አልነበረም። የክራር ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ባለ አሥር አውታሩ በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ከእርሱ ጋር በአሠራር የሚዛመደው ክራር ግን ለዓለማዊ ዘፈንና ለውበት ሙገሳ ስለሚውል የሰይጣን ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ በሕዝብ ዘንድ ነበር። አሸናፊ በኋላ ዘመን በምሁራዊ ጽሑፋቸው በጥልቀት የመረመሩትም ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተጉዘው በኒውዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1962ም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ኢስትማን በአሜሪካ ከታወቁት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሃንሰን ነበሩ። ሃንሰን ከ1924 እስከ 1964 ትምህርት ቤቱን የመሩ፣ ራሳቸውም ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ የሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሀገራቸውን አዳዲስ ደራሲያን ሥራዎች በየዓመቱ ለሕዝብ በማሰማት የታወቁ ሰው ናቸው። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ በዚያ ተቋም ውስጥ በኖረባቸው ዓመታት አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለሀገሩ ሙዚቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል ለማለት ይቻላል።

ወደ ሀገራቸው የተመለሱት መንግሥት ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለማቋቋም በተነሣበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አሸናፊ መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1968 መርተውታል። ስያሜው ራሱ ብዙ ይናገራል። ፒያኖና ቫዮሊን የሚማርበት ዘመናዊ ተቋም በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም በኖረው የዜማ ሊቅ ስም መጠራቱ፣ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ትምህርት ከውጭ በመጣ መምህር እንዳልተጀመረ የሚያስታውስ ነው።

አዲስ መሥሪያ ቤት ያደራጀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ተቋም በአዋጅ ወይም በደብዳቤ ብቻ አይቆምም። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይበዛል። ለአውሮፓዊው ክፍል መሣሪያው፣ የማስተማሪያ መጽሐፉ፣ የፈተናው ደረጃ ሁሉ ተዘጋጅቶ ከውጭ ይገኛል። ፒያኖ የሚማር ልጅ በአንደኛው ዓመት ምን፣ በሁለተኛው ዓመት ምን መጫወት እንደሚገባው በዓለም ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ሥርዓት አለው። ለክራር፣ ለማሲንቆና ለዋሽንት ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ባለሙያው ሙያውን ከአባቱ ወይም ከዘመዱ በጆሮው ሰምቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በልምድ የተማረ ነው፤ በኖታ የተጻፈ መልመጃ፣ በክፍል የተከፋፈለ ሥርዓተ ትምህርት፣ የምስክር ወረቀት የሚያሰጥ መመዘኛ አያውቅም። በመንግሥት የደመወዝ ደረጃ መሠረት አስተማሪ ለመቅጠር የትምህርት ማስረጃ የሚጠየቅ ሲሆን፣ የማሲንቆ ሊቅ ግን የሚያቀርበው ማስረጃ ጣቱንና ጆሮውን ነው።

ትምህርት ቤቱ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማስተማር መወሰኑ ከሁሉም የላቀው ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፒያኖ የሚማረው ወጣት የሀገሩንም መሣሪያ እንዲያውቅ፣ ክራር የሚማረውም ኖታ እንዲያነብ ማድረግ፣ አዝማሪው ለዘመናት ሲናቅበት የኖረውን ሙያ የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ወዳለው የትምህርት ዘርፍ ማሸጋገር ማለት ነው። አንድ ልጅ ማሲንቆ ተምሮ የመንግሥት ዲፕሎማ ሊይዝ መቻሉ በወላጆች አመለካከት ላይ ያመጣው ለውጥ ከየትኛውም የቅስቀሳ ንግግር የበለጠ ነው።

የሁለቱ ሙዚቃዎች መገናኘት ግን በአስተዳደር ውሳኔ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሙዚቃ በአብዛኛው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ በሚባሉት አራት ቅኝቶች ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች ብቻ ሲኖሩት፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ቅኝቱን ከቅኝት ይለያል። የአውሮፓ ሙዚቃ ሰባት ድምፆችን መሠረት አድርጎ፣ ሦስትና አራት ድምፆችን በአንድ ጊዜ በማሰማት ኅብረ ድምፅ የሚፈጥር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አንድን ዜማ በልዩ ልዩ ጌጥ እያስዋበ የሚጓዝ ነው። የትዝታን ዜማ ከሥሩ በአውሮፓዊ ኅብረ ድምፅ ቢያጅቡት በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ይገቡና የዜማው ጠባይ ይጠፋል። አንቺ ሆዬ ደግሞ በድምፆቹ ጠባብና ሰፊ ርቀት ምክንያት ለማጀብ እጅግ አስቸጋሪው ነው። በዚህ ላይ ፒያኖ በፋብሪካ የተስተካከለ ቋሚ ድምፅ ያለው በመሆኑ፣ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጥቂቱ በማንሸራተት የሚያወጣውን ረቂቅ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም።

ይህን ችግር በዚያ ዘመን የተለያዩ ባለሙያዎች በተለያየ መንገድ ሊፈቱት ሞክረዋል፤ ስድሳዎቹን በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ልዩ ዘመን የሚያደርገውም ይኸው ነው። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ኦርኬስትራን በማቋቋም፣ የባህል መሣሪያዎችን ብቻ በአንድነት አሰለፉ፤ ቡድኑ ኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ነርሲስ ናልባንዲያን የሕዝቡን ዜማ ለቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራና ለመዘምራን አቀናጁ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን ድምፆች ከጃዝ ጋር አዋሐዱ። አሸናፊ ከበደ የመረጡት መንገድ ከሁሉም ይልቅ ብቸኛ የሆነውንና ብዙ አድማጭ የማይጠበቅበትን ነበር፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ቅኝት ይዞ ወደ ሲምፎኒ ድርሰት መግባት ነው።

ዋሽንት ለዚህ ሥራ መመረጡ ተገቢ ነበር። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች ያሉት መሣሪያ ነው። ቅኝት ሲለወጥ አንዱ ዋሽንት ስለማይበቃ ጥሩ ተጫዋች ቁመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶችን ይዞ ይዞራል። የእረኛው ሙዚቃ ለግብዣ ወይም ለሽልማት የሚቀርብ አይደለም፤ አድማጩ ከብቱ፣ ገደሉና ራሱ እረኛው ነው። ከአዝማሪው ሙዚቃ ይልቅ ለብቻነት የቀረበ በመሆኑ፣ በጸጥታ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ታዳሚ ወዳለበት የሲምፎኒ አዳራሽ ለመግባት ይበልጥ የተዘጋጀ ነበር ማለት ይቻላል።

ሃንጋሪም ለዚህ ሥራ እንግዳ ምድር አልነበረችም። ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በሀገራቸው ገጠሮች እየተዘዋወሩ በሸክላ መቅጃ የገበሬውን ዜማ ሰብስበው የአዲሱ የሃንጋሪ ሙዚቃ መሠረት አድርገውታል። ኮዳይ ከዚህም አልፈው ማንኛውም ልጅ የሙዚቃ ትምህርቱን በገዛ ሀገሩ ዜማ እንዲጀምር የሚያደርግ የማስተማሪያ ዘዴ ዘርግተው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ እንዲውል አድርገዋል። ኮዳይ ያረፉት አሸናፊ የሃንጋሪን ኦርኬስትራ በመሩበት በዚያው በ1967 ነው። ኢትዮጵያዊውን ሙዚቀኛ ከኮዳይ ጋር የሚያነጻጽር አስተያየት የተሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የራሳቸውን የፒያኖ ድርሰቶች በጀርመን ሀገር በሸክላ አስቀርጸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ደራሲያን ሥራዎቻቸውን በአውሮፓ ማሰማታቸው የሚያኮራ ነው፤ ሁለቱም ለዚህ ከሀገር መውጣት ያስፈለጋቸው መሆኑ ግን ሌላው የታሪኩ ገጽታ ነው።

አሸናፊ በ1968 ዳይሬክተርነታቸውን ትተው ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። ኮኔቲከት ግዛት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1969 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1971 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የተማሩት የሕዝቦችን ሙዚቃ ከማኅበራዊ ሕይወታቸው ጋር አያይዞ የሚያጠናውን የሙዚቃ ሳይንስ ዘርፍ ነው። ዌስሊያን በዚያ ዘመን የሕንድ፣ የጃፓን፣ የኢንዶኔዥያና የአፍሪካ ሙዚቃ ከአውሮፓው እኩል ከባለቤቶቹ አንደበትና እጅ የሚማርበት፣ ጥቂት አቻ ብቻ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዶክትሬት ጽሑፋቸው ርእስም የኢትዮጵያ ሙዚቃ፣ ዕድገቱና ባህላዊ መሠረቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያወጧቸው ጥናቶች የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለሚያጠና ማንኛውም ምሁር መነሻ ሆነው ቆይተዋል። በ1975 ስለ አዝማሪ ያወጡት ጽሑፍ አዝማሪውን ገጣሚና ሙዚቀኛ አድርጎ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ተፈላጊነትና ተናቂነት አንድ ላይ የሚመረምር ነው። በ1977 ስለ ክራር የጻፉት ደግሞ መሣሪያው የሰይጣን ነው የሚለውን ልማዳዊ አባባል ከርእሱ ጀምሮ ያነሣል። በ1980 በኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና በቤተ እስራኤል ዘንድ ያለውን የጸሎት ዜማ ጎን ለጎን አጥንተው አቅርበዋል። እነዚህ ጽሑፎች የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ በአሜሪካ የጥናት መጽሔቶች ላይ በመሆኑ በሀገር ውስጥ ያለው አንባቢ በቀላሉ አላገኛቸውም። ጽሑፎቹ በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች ተተርጉመው ለያሬድ ተማሪዎች ቢቀርቡ ምንኛ በጠቀሙ ነበር።

በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በማሳቹሴትስ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በመጨረሻው ተቋም የአፍሪካውያን አሜሪካውያን ባህል ማዕከል ዳይሬክተር ነበሩ። በ1982 ያሳተሙት የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥረ መሠረትን የሚመለከተው መጽሐፋቸው የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን የድምፅ፣ የመሣሪያና የውዝዋዜ ቅርስ በአንድ ላይ ይዞ የቀረበ ነው። ኢትዮጵያ ከተቀረው አፍሪካ ተነጥላ በምትታይበት የጥናት ልማድ ውስጥ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር የሀገሩን መሣሪያዎች ከምዕራብ አፍሪካው ኮራና ከአሜሪካው ብሉስ ጋር በአንድ ቅርስ ሥር ማየቱ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ድርሰትንም አልተዉም። በ1974 የደረሱት «ኮቱሬዥያ» የተሰኘ ሥራ ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለሚባለው የጃፓን ባህላዊ የአውታር መሣሪያ የተጻፈ ነው። ኮቶም እንደ ኢትዮጵያ መሣሪያዎች በአምስት ድምፆች የሚቃኝ በመሆኑ፣ በዓለም ሁለት ዳርቻዎች የሚገኙ የሙዚቃ ባህሎች የሚገናኙበት ነጥብ ነው። ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጃፓናውያን የእነርሱን ዘፈን ለምን በቀላሉ እንደሚወዱት ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስም ብዙውን ጊዜ ይኸው የአምስት ድምፅ ዝምድና ነው። ከሙዚቃው ሌላ ግጥም ጽፈዋል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድም አላቸው።

«ኮቱሬዥያ» በተደረሰበት በዚያው በ1974 በኢትዮጵያ አብዮት ፈነዳ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብሔራዊ ቴአትር ተባለ፤ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ተበተኑ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ ብዙ ባለሙያ ከሀገር ወጣ። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን አልተዘጋም። ዳይሬክተሮች ተቀያየሩ፤ የቡልጋሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ ሰጠ፤ ተማሪዎችም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሶፊያ፣ ወደ ሞስኮና ወደ ሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ከተሞች ተላኩ። ትምህርት ቤቱ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቀላቀለ። በንጉሡ ዘመን የተመሠረተ ተቋም ከሁለት ሥርዓተ መንግሥት ለውጦች በኋላም ክራርንና ፒያኖን በአንድ ግቢ ማስተማሩን ቀጥሏል።

የመሥራቹ የኦርኬስትራ ድርሰቶች ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ትምህርት ቤት መምህርና ተማሪ እስካሉት ድረስ መሥራቹ ቢርቅም ይኖራል። የሲምፎኒ ድርሰት ግን የሚጫወተው ቋሚ ኦርኬስትራ ከሌለ በእያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ዝም ይላል። በ1960ዎቹ አሸናፊን ወደ ሃንጋሪ የወሰዳቸው ችግር እርሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ በሀገር ውስጥ መፍትሔ አላገኘም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ኢትዮጵያዊ ስማቸውን በዳይሬክተርነትና በምሁርነት እንጂ በደራሲነት አያውቀውም። ለባህል ዘርፍ የሚመደበው በጀት ሲነሣ ለአዳራሽ ግንባታና ለበዓል ዝግጅት ቅድሚያ የሚሰጠው፣ ለተጫዋቾች የዓመታት ልምምድ የሚወጣው ወጪ ደግሞ ለዓይን የማይታይ በመሆኑ ሊሆን ይችላል።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በሚያዝያ ወር 1990 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው በአሜሪካ አረፉ። የተወለዱትም ያረፉትም በአንድ ወር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባው ቢሮአቸው ከተነሡ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖአቸው ነበር።

ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ፒያኖ ከተማሩት መካከል አንዱ ግርማ ይፍራሸዋ ናቸው። ከያሬድ ወደ ሶፊያ ተጉዘው በቡልጋሪያ የሙዚቃ አካዳሚ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ሲሆን፣ በሀገር ውስጥና በውጭ መድረኮች የቾፐንንና የሹማንን ሥራዎች ከገዛ ድርሰቶቻቸው ጋር በአንድ ዝግጅት በማቅረብ ይታወቃሉ። በአምባሰል ቅኝት የተደረሰ የፒያኖ ሥራ አላቸው። በ2014 በአሜሪካ በታተመው አልበማቸው ውስጥ ከሚገኙት ድርሰቶች አንዱ ደግሞ ዋሽንት ስለያዘ እረኛ ነው።